የተማሩት ልጆቻችን ወዴት ደረሱ፤ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ



ከፍ ካለው ትምህርት ቤት ወጥተው በሥራቸው ከታወቁት መካከል አንዱን እያነሣን ኑሮውንና ድካሙን ለቤተ ሰብ ማስታወቅ የዚህ ዓምድ ልማድ ነው። ዛሬ የምናነሣቸው ሴት ናቸው። እርሳቸውንም ለመምረጥ ምክንያት የሆነን፥ በቆሰበር ሳለን አንድ አባት ያቀረቡልን ጥያቄ ነው።

እኒህ ሰው ገብስና ድንች የሚያመርቱ፥ ፈረስም የሚያረቡ ገበሬ ናቸው። ሴት ልጃቸው ፈተናዋን አልፋ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ስትሰናዳ፥ ዘመዶች ደግሞ ተማክረው ከደኅና ቤት ባል አግኝተውላት ነበርና፥ አባትየውን በሁለት አሳብ ተይዘው አገኘናቸው። «ጌቶቼ፥» አሉን፤ «ልኬያት ተምራ በዚያው ብትቀርብኝስ? ተመርቃም ሥራ አጥታ ብትመለስስ? ያገኘነው ባል እስከዚያ አይጠብቃትም።»

ይህን ጥያቄ እንደ ድንቁርና ቈጥሮ ማለፍ አይገባም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ጥቁር ካባ ለብሶ ከወላጅ ጋራ ፎቶግራፍ መነሣት ለቆሰበር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፉ በግድግዳ ከተሰቀለ በኋላ ልጁ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ጎረቤት ሁሉ ያያል። የተመራቂው ማዕርግ በዐደባባይ ሲነገር የወላጁ ፍርሃት በቤት ውስጥ ይቀራል።

መልስ የሚሆን ታሪክ ስንፈልግ ሩቅ አልሄድንም። ከቆሰበር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጐዳና ቲሊሊንና ቡሬን ያለፈ መንገደኛ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1957 የተወለዱት በዚያ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ነው። የገበሬ ልጅ ነበሩና እንደ እኩዮቻቸው ውኃ ይቀዱ፥ እንጨት ይለቅሙ፥ በእርሻም ያግዙ ነበር። አንበጣ ወርዶ እህሉን ሲያጠፋ በልጅነታቸው አይተዋል፤ ኋላም ወደ እርሻ ምርምር ያዘነበሉት ስለዚህ እንደ ሆነ ተናግረዋል።

የጋብቻውም ነገር ለእርሳቸው እንግዳ አልነበረም። በዚያ አገር ሴት ልጅ ገና ሳትጠና ትዳር ነበርና፤ እርሳቸው ግን በልጅነታቸው እልኸኛና አልታዘዝ ባይ ስለ ነበሩ፥ ሊድራቸው የደፈረ ሰው እንዳልነበረ ራሳቸው ነግረውናል፤ ይህን የተናገሩት ለዓለም ሁሉ ነውና ለእኛም እንደ ነገሩን እንቈጥረዋለን። የአንባብያን እናቶች ይቅርታ ያድርጉልን እንጂ፥ የልጅ አልታዘዝ ባይነት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቅም አለው።

ከዚያም አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ቀጥሎ በአሜሪካ፥ በሞንታናና በካንሳስ የዕፀዋትን በሽታ አጥንተው የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበሉ፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲም ጥቂት ጊዜ ተመራመሩ። ከ1992 ጀምሮ እስከ 2007 ድረስ በኮሎምቢያ በሚገኘው የሐሩር እርሻ ምርምር ማዕከል ሠሩ።

ማዕርጉን በዚህ እናቁምና ስለ አንድ ሣር እንናገር። ብራኪያሪያ የሚባለው ሣር ትውልዱ አፍሪካ ነው። ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያ ተመርምሮና ተሻሽሎ እጅግ ሰፊ የከብት መስክ ሲሸፍን፥ በተወለደበት አገር ግን እንደ ዱር ሣር ተቈጥሮ ብዙ የሚያስብለት አልነበረም። ዶክተር ሰገነት በኮሎምቢያ ሳሉ በዚህ ሣር ውስጥ ሳይጎዱት የሚኖሩትን ረቂቃን ነፍሳት መረመሩ። በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው በናይሮቢ አንድ የሥነ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይመሩ ጀመር፤ በእርሳቸውም ጊዜ ማዕከሉ የተሻሻለውን ሣር ለኬንያና ለሩዋንዳ ገበሬዎች መልሶ የማስለመድ ሥራ ያዘ። ሣሩም መርማሪዋም ከባሕር ማዶ ተመለሱ ማለት ነው።

በ2013 ደግሞ በዚያው በናይሮቢ በ1970 የተቋቋመው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፥ ኢሲፔ የሚሉት፥ ዋና ዳይሬክተር ሆነው እስከ 2023 መሩት። አንበጣ ሲያዩ ያደጉት ልጅ ነፍሳትን ለሚመረምረው ቤት አለቃ ሆኑ። ከእርሳቸው አስቀድሞ በዚህ ማዕከል የተጀመረ አንድ ብልሃት አለ፤ በበቆሎው መካከል ደስሞድየም የሚባል ተክል ይዘሩና የአገዳውን ትል የምትወልደውን የእሳት ራት ያባርሩበታል፥ አቀንጭራንም ያዳክሙበታል፤ በማሳው ዳር ደግሞ የእሳት ራቲቱን ወደ ራሱ የሚስብ ሣር ይተክላሉ። ዝናም ለሚያንስበት አገር ለዳሩ የተመረጠው ያው ብራኪያሪያ ነው። በ2014 ዩኔስኮና ሎሬያል በየዓመቱ ለአምስት ሴቶች ሊቃውንት የሚሰጡትን ሽልማት ተቀበሉ።

የተመለሱት ወደ ናይሮቢ ነው እንጂ ወደ ፍኖተ ሰላም አይደለም ብሎ የሚቃወመን ቢኖር እውነቱን ነው። ለአባትየውም ይህን አልደበቅንም፤ ልጅ ተምራ ሩቅ ልትቀር እንደምትችል፥ ሥራም ወዲያው ላይገኝ እንደሚችል ነገርናቸው። የዶክተር ሰገነትን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝምታ ከሰሙ በኋላ የጠየቁን ግን ስለ ሽልማቱ አልነበረም።

«ያ ሣር ለፈረስ ይሆናል?» አሉ። ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሳቸውን ሸልመው የሚወጡ ሰው ናቸውና መስክ መጥበቡ ያሳስባቸዋል። የሞቃት አገር ሣር እንደ ሆነና የቆሰበር ውርጭ እንደማይስማማው ነገርናቸው።

«እንግዲያስ ውርጭ የሚችለውን ገና የፈለገ የለም» ብለው ጥቂት ዝም አሉ። ስለ ባሉ ነገር በዚያ ቀን ቁርጥ ቃል አልሰጡንም፤ ልጅቱ የምትሳፈርበትን ቀን ግን ከእናትዋ ጠየቁ።