ስለ ሰፈርና ስለ ዕድር መዝገብ

«ሰፈር ምንድር ነው? ጭቃና ቆርቆሮ አይደለምን?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ይኽ ንግግር አላዋቂነት እንጂ ሥልጣኔ አይደለም።

ዐዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የብዙውን መንደር ስም ያወጣው ነዋሪው ራሱ ነው። ሠራተኛ ሰፈር የዐፄ ምኒልክ ባለ እጆች የከተሙበት ነው። እሪ በከንቱም የተባለው፥ ቀማኛ የገፈፈው ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌ መጥቶ ለመንደሩ ቁጥር ሰጠው፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራዋል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። መንገድ መስፋቱን አልቃወምም፤ በጋራ መጸዳጃ ደጃፍ ተራ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ንጹሕ ቤት አይጠላም። የምቃወመው፥ ቤቱ ሲፈርስ ዕድሩም ይፍረስ የሚለውን ነው። በአንድ ግቢ የኖሩ ሰዎች በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተኑ፥ ድንኳኑን ማን ይተክላል? ንፍሮውንስ ማን ይቀቅላል?

ደግሞ የዕድሩ መዝገብ አለ። ማን መቼ አባል እንደ ሆነ፥ ለየትኛው ሟች ስንት ብር እንደ ተከፈለ፥ ሁሉም በጸሓፊው እጅ ተጽፎበታል፤ ከዚህ የተሻለ የመንደር ታሪክ ከወዴት ይገኛል? እናንተ ግን «የሽማግሌ ነገር ነው» እያላችሁ ወርኃዊውን መዋጮ እንኳ ለእናታችሁ ትተዋላችሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ፊደል በማስቈጠር ነውና ልጠይቃችሁ፤ የተማራችሁት ለምንድር ነው? ጸሓፊው አርጅቷል፥ ዐይኑም ደክሟል። በሚመጣው የስብሰባ ቀን ሄዳችሁ መዝገቡን ተቀበሉት፤ ስሞቹንም አንድ ሳታስቀሩ ገልብጡ።