ከቀረጻው በፊት ለእህትዎ ይደውሉ

ፖድካስት ላይ ሲጋበዙ የሚያማክሩኝ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። ምን ልልበስ? ምን ይጠይቁኝ ይሆን? ቃላት ቢጠፉብኝስ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ቀላል። ከባዱን ጥያቄ ግን እስካሁን ያነሳልኝ የለም፦ በእኔ ታሪክ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ማን ያስፈቅዳቸው?

ቀላሉን ቶሎ እንጨርሰው። የጋበዘዎትን ሰው አስቀድመው ይጠይቁ፦ በምስል ነው በድምፅ ብቻ? በቀጥታ ይተላለፋል ወይስ ይቀረጻል? ምን ያህል ይረዝማል? ከመለቀቁ በፊት «ይህቺ ትውጣልኝ» ብል ትወጣልኛለች? ከዚያ የአቅራቢውን ሁለት ሦስት ዝግጅቶች እስከ መጨረሻው ይስሙ፤ እንግዳው ዝም ሲል ወይም እንባው ሲመጣ አቅራቢው ምን እንደሚያደርግ ልብ ይበሉ። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ካሜራ ላይ ስለሚርገበገብ ይተዉት። አምባርዎን ያውልቁት፣ ስልክዎን ያጥፉት፣ ጠረጴዛ አይምቱ። ማይክሮፎኑ ከአፍዎ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ «ፖለቲካ» እና «ፓርቲ» ስንል ከከንፈራችን የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ ከመታው ለአድማጩ ጆሮ ፍንዳታ ነው። ቀላሉ ይኸው አለቀ።

የእኛ አገር አድማጭ ረጅም የሕይወት ወግ መስማት የለመደው ፖድካስት ከመምጣቱ በፊት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» አንዳንዱን እንግዳ ለሳምንታት በክፍል በክፍል ያጫውት ነበር። አድማጩ ሰውየውን ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ስለሚዘልቅ፣ አንዷን ከባድ ቃል ከፊቷና ከኋላዋ ካለው ጋር ይመዝናታል። ዛሬ የሁለት ሰዓቱ ወግ ዩቲዩብ ላይ ይቀመጥና አንዷ ደቂቃ ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ትወጣለች። ወጉን ያልሰማ ሁሉ ቁራጩን ያያል። የምትቆረጠው ደቂቃ ደግሞ እንግዳው ስለ ሙያው የተናገረባት አትሆንም፤ ያለቀሰባት ወይም ስለ ቤተሰቡ ያወጣባት ናት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የነበሩት ይህን ሳያዩ ነው።

በየዝግጅቱ የምንሰማውን አንድ ታሪክ እንውሰድ። እንግዳዋ ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ አክስቷ ቤት አድጋለች። «አክስቴ እንደ ሠራተኛ ነበር የምታየኝ፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ልብስ አጥብ ነበር» ትላለች። አቅራቢው አንገቱን ይነቀንቃል፣ ተመልካቹ ያዝናል፣ እንግዳዋም ቀሏት ትወጣለች። አክስትየዋ ግን በሕይወት አለች። ዕድር ትሄዳለች፣ ማኅበር ትጠጣለች፣ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ቁራጩን ከእሷ በፊት ያዩት ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉት ልጆቿ ናቸው፤ በሌሊት ደውለው «እውነት ነው?» ይሏታል። መልስ የምትሰጥበት ማይክሮፎን የላትም።

«እውነት ከሆነ ለምን ይደበቃል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። በደል በዝምታ ተሸፍኖ ስንት ሰው እንዳጠፋ እናውቃለን፤ በራሱ ላይ የደረሰውን ሊናገር የወሰነን ሰው «የቤተሰብ ስም» እያሉ አፉን ማዘጋት ሁለተኛ በደል ነው። የተበዳይነት ታሪክ የተበዳዩ ነው። ነገር ግን ያንን ስንተርክ አብረን የምናወጣው የሌሎች ገመና አለ፦ የእህት ፍቺ፣ የወንድም ሱስ፣ እናት ለልጇ ብቻ የነገረችው ምስጢር። እነዚህ የእኛ ታሪክ ጌጥ አይደሉም፤ ባለቤት አላቸው።

ሕጉም ይህን ያውቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 31 ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ያዛል፤ በአንቀጽ 2044 ደግሞ በሕይወት ያለን ሰው በንግግር አስጠልቶ፣ አስንቆ ወይም መሳለቂያ አድርጎ ስሙንና የወደፊት ኑሮውን አደጋ ላይ መጣል በኃላፊነት ያስጠይቃል። እንግዲህ አቅራቢው «እስቲ የድሮ ፎቶ ይዘህ ና» ሲል፣ ፎቶው ውስጥ አብረው የቆሙትን ማሰብ ነው።

ስለዚህ ዋናው ዝግጅት ቤት ውስጥ፣ በወረቀት ላይ ነው። በሚያወሩት ታሪክ ውስጥ የሚገኙትን ሰዎች ስም ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ይነገር»፣ «ማንነቱ ሳይታወቅ ይነገር» ወይም «አይነገር» ብለው ይወስኑ። ያጠራጠረዎትን ሰው ደውለው ይጠይቁት። እህትዎ «ተወኝ» ካለች ነገሩ እዚያው አለቀ። ለ«አይነገር» ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ያዘጋጁ፦ «ይህ የእኔ ብቻ ስላልሆነ እንለፈው።» ጮክ ብለው ይለማመዱት። ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ቡናውን ጠጥተው፣ «ጋሼ» እየተባሉ ተከብረው፣ መብራት በርቶልዎ እምቢ ማለት ይሉኝታ አለበት። ይሉኝታችን ደግሞ ፊት ለፊታችን ለተቀመጠው አቅራቢ እንጂ ስቱዲዮው ውስጥ ለሌለችው አክስት አይሠራም። ለዚህ ነው ውሳኔው ቤት ማለቅ ያለበት።

የማያወሩትን ነገር ለአቅራቢውም ከቀረጻው በፊት ይንገሩት። ደህና አቅራቢ «እሺ» ብሎ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ እንዲያውም ጥያቄውን ያሻሽልበታል። ቅር ካለው የተጋበዘው ገመናዎ እንጂ እርስዎ እንዳልሆኑ በጊዜ ያውቃሉ።

«ታዲያ ምን ልናገር?» ካሉኝ፣ ሥራዎን ይንገሩን። ንግዱን በስንት ብር እንደጀመሩት፣ የት እንደከሰሩ፣ ሙያውን ከማን እንደተማሩ፣ ዛሬ ቢጀምሩ ምኑን እንደሚለውጡ። ሰሚው ወስዶ የሚጠቀምበት እሱን ነው። ይህ ሁሉ ተነግሮ ሁለት ሰዓት ካልሞላም አርባ ደቂቃ በቂ ነው።