የማያውቁት ሰው ምክር

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ ወጣቶች ስለ ሰውነት ማጠንከር፥ ስለ ምግብና ስለ እጮኛ ምርጫ በእጅ ስልካቸው ከማያውቁት ሰው ምክር ሲቀበሉ እናያለን። ምክር መጠየቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያ መካሪ ጤናቸውንም ሆነ ኑሯቸውን አያውቅም።

ሱሉልታ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ያሠራባት፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ናት። ሯጮች እንኳ አየሯን የሚለምዱት ቀስ በቀስ ነው። እንግዲህ ጀማሪው በአንድ ሳምንት እንደ እነርሱ እሆናለሁ ቢል ራሱን ይጎዳል።

«በጾም ጉልበት አይገኝም» የሚሉም አሉ። ሽሮና ምስር ግን ሰውነትን የሚገነቡ ምግቦች ናቸው። ሰውነት ከምስር ብረት በሚገባ እንዲያገኝ ሎሚ ወይም ቲማቲም ይታከልበት፤ ቡናውም ከማዕድ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ ይጠጣ። ቪታሚን ቢ12 ግን ከእህልና ከአትክልት ስለማይገኝ፥ በፍስክ ጊዜ ወተትና እንቁላል አይዘንጋ። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

ስለ እጮኛም ቢሆን አባቶቻችን ሰባት ቤት ቈጥረው፥ ጠባይ መርምረው ሽማግሌ ይልኩ ነበር። ዛሬ ልጆች ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ደግ ነው። ሆኖም በፎቶግራፍ ብቻ የታየ ሰው ገና አልታወቀም፤ ጎረቤቱና የሥራ ባልደረባው ይጠየቁ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችን ምክር ፍለጋ ወደ ባዳ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ የእኛን ቍጣ ፈርተው ነው። ስለዚህ ከመቈጣታችን በፊት እንስማቸው።