ሥልጠናው ለባል፣ ጎተራው ለሚስት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቆ በአንድ የወይና ደጋ ቀበሌ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት በተመደበበት በመጀመሪያው ዓመት፣ አየር በማያስገባ ከረጢት እህልን ከነቀዝ ስለ መጠበቅ ግማሽ ቀን ሙሉ አስተምሮ ነበር። ስሕተቱ የራሴ ስለሆነ በራሴ ስም ልናገረው። በስም ጥሪው መሠረት የመጡት አርባ ያህል ሰዎች ሁሉም አባወራዎች ነበሩ። እህሉ በሚገባ ደርቆ እንዲከተት፣ አየሩ በእጅ እየተጫነ እንዲወጣ፣ ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች በየተራ ተጠምዝዘው እንዲታሰሩና ለወራት ሳይፈቱ እንዲቆዩ አስረዳሁ። ገባን አሉ፤ ፈረሙ፤ እኔም «ሥልጠናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» የሚል ሪፖርት ለወረዳው ላክሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ከሠልጣኞቹ ወደ አንዱ ቤት ጎራ ብል በቆሎው ነቅዞ ዱቄት እየወጣው አገኘሁት። ባልየው ከረጢቱን አሙት። ሚስታቸው ግን ምድጃቸውን ሳይለቁ፣ «የኔ ልጅ፣ እንዳይፈታ ለእኔ ማን ነገረኝ? ለወፍጮ በየሳምንቱ እየፈታሁ ስሰፍር ነው የከረምኩት» አሉኝ። የዚህ ከረጢት ጥቅሙ በውስጡ የታፈነው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ሲጨርስ መራባቱን አቁሞ መሞቱ ነው። በየሳምንቱ ከተፈታ ግን ከተራ ጆንያ አይለይም። ጎተራና ጎታ በማን እጅ እንዳለ፣ ለዘር የሚቀመጠውንና ለምግብ የሚወጣውን እህል የሚለየው ማን እንደሆነ፣ በገጠር ተወልጄ ያደግሁት እኔ አጥቼው አይደለም። የተሰጠኝ መዝገብ «የአባወራ ስም» ስለሚል ብቻ የተጻፈውን ጠራሁ።

ነገሩ የአንድ ከረጢት በቆሎ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ገጽ ባልበቃ ነበር። ዳሩ ግን በየዓለም አቀፍ ጉባዔው «የሴቶች እኩልነት» እየተባለ የሚነገረው ፖሊሲ ገጠር ደርሶ የሚፈተነው ከዚህ መዝገብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1979 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ማናቸውንም ዓይነት ልዩነት ለማስወገድ ያጸደቀው ስምምነት፣ አሥራ አራተኛውን አንቀጽ በሙሉ ለገጠር ሴቶች ሰጥቶታል። በዚያ አንቀጽ ውስጥ የእርሻ ብድር፣ ገበያ፣ ተስማሚ የቴክኖሎጂ መሣሪያ እንዲሁም በመሬት ይዞታ ማሻሻያ ጊዜ እኩል አያያዝ ተዘርዝረዋል። የኤክስቴንሽን አገልግሎትም በስም ተጠቅሷል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። እንግዲህ የእኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ማንን ጠርቶ ማንን እንደሚተው አገር የፈረመበት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን ይህን ጉዳይ በማርች 8 በዓል ቀን ብቻ የምናስታውሰው ሆነናል።

ሴቷን ከመዝገብ የሚያስወጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ ከማረሻው መጀመር ይገባል። «አርሶ አደር» የሚለው ቃል ራሱ አርሶ የሚያድረውን ሰው የሚጠራ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ደግሞ በሬ ጠምዶ ማረስ ለወንድ የተተወ፣ ሴት ሞፈር ብትጨብጥ የሚነቀፍበት ሥራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን፣ ጉልጓሎውን፣ አረሙን፣ ምርት ማጓጓዙን፣ ዘር መምረጡን፣ ከብት ማለቡን ጨምሮ፣ ሴቷ የማትገባበት የለም። በእንሰት አገር ከሄድንማ እንሰቱን ፍቆ ቆጮ የሚያደርሰው እጅ የሴት ነው። ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ሊቅ ኤስተር ቦዝሩፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በመቆፈሪያ በሚታረስበትና በበሬ በሚታረስበት አገር የሴቶች የሥራ ድርሻ እንደሚለያይ፣ የልማት ባለሙያዎችም አዲሱን ዕውቀትና መሣሪያ ለወንዶች ብቻ እያደረሱ ሴቷን ወደ ኋላ እንደሚያስቀሩ አስረድታ ነበር። መጽሐፉ ከወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ የከረጢቱን ሥልጠና ስሰጥ ግን አላነበብኩትም ነበር፤ ባነበውም ኖሮ መዝገቡን እቃወም ነበር ብዬ አልመጻደቅም።

የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ያለ ጾታ ልዩነት ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ይኸው አዋጅ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ነጻ አውጥቷታል። ሕግ አውጪው የማረሻውን ችግር አስቀድሞ አውቆት ነበር ማለት ነው። ይሁንና ድልድሉ በገበሬ ማኅበራት ሲካሄድ ምዝገባው በቤተሰብ ኃላፊ ስም ስለሆነ፣ ባል ያላት ሴት በባልዋ ጥላ ሥር ቀረች፤ በአባልነት የታየችው በአብዛኛው ባልዋ የሞተባት ወይም የተፋታችው ናት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሠላሳ አምስተኛ አንቀጽ ሴቶች በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ማስተላለፍ እኩል መብት ተሰጣቸው። በ1990 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው የይዞታ ደብተር አሁንም በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአማራ ክልል በተሰጠው ደብተር ላይ ግን የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ሰፈረ። አዋጅ ቁጥር 456/1997ም የጋራ ይዞታ ደብተር በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በትግራይ የተካሄዱ ጥናቶች፣ ደብተር የያዙ ሴት የቤተሰብ ኃላፊዎች «መሬቴን ሰው ይወስድብኛል» የሚለው ሥጋት ቀለል ብሎላቸው ማከራየት እንደደፈሩ አሳይተዋል። ነገር ግን ደብተሩ በሬ አይሆንም። በሬና አራሽ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ እኩል አራሹም የራሱን ማሳ አርሶና ዘርቶ ሳይጨርስ ወደ እርስዋ አይመጣም። የእርስዋ ጤፍ ዘግይቶ ይዘራል፤ ከሚገኘው ምርት ደግሞ ግማሹ ይሄዳል። የእኛ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ምክርም የሚደርሰው ለእኩል አራሹ እንጂ ለባለመሬቷ አይደለም። ማዳበሪያው የተገዛበት ዕዳ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ፣ ገለባውን ማን እንደሚወስድ አውድማ ላይ በቃል ሲከራከሩ የሰማ ሰው፣ ደብተሩ ከሣጥን ውስጥ ሆኖ ብዙ እንደማይረዳት ይገነዘባል።

ወደ ሌላው ዓለም ዞር ብንል የምናገኘው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 የውርስና የጋብቻ ንብረት ሕጓን አሻሽላ፣ ኋላም በአገር አቀፍ ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቁራሽ መሬት ስትመዘግብ፣ ጋብቻቸው በሕግ የተመዘገበ ሴቶች ከባሎቻቸው እኩል ስማቸው ሠፈረ። ጋብቻቸው ያልተመዘገበው ግን በሙከራው ወቅት መብታቸው ላልቶ ተገኝቷል። እዚያም ጉዳዩ የመዝገብ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2014 «ፌሚኒስት የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ» ብላ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና አወጀች፤ በ2022 አዲስ መንግሥት ሲመጣ ስሙ ተሰረዘ። ሚኒስትር ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ፖሊሲ ይኖራል። በቀበሌ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የተለጠፈ የሚስት ፎቶግራፍ ግን በቀላሉ አይነሣም፤ ስለዚህም ይህን ሥራ ከብዙ መግለጫ አብልጬ አከብረዋለሁ።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዘገባ፣ ሴቶች ከወንዶች እኩል የማምረቻ ግብዓት ቢያገኙ የማሳቸው ምርት ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ የታዳጊ አገሮች ጠቅላላ የእርሻ ምርት ደግሞ ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ገምቷል። የተባበሩት መንግሥታትም 2026ን የሴት ገበሬዎች ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ሰይሞታል። ስያሜው መልካም ነው። ሆኖም በሰንደቅና በቲሸርት እንዳያልፍ የሚያሠጋን ምክንያት አለን።

«ባልና ሚስት አንድ ናቸው፤ ለባል የተነገረ ለሚስት ይደርሳል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔም እል ነበር፤ ከረጢቱ ግን መልሱን ሰጥቶኛል። ሌሎች ደግሞ «ለሴቶች የዶሮና የጓሮ አትክልት ሥልጠና እንሰጣለን» ይላሉ። የጓሮ አትክልትን የሚንቅ የለም፤ ሆኖም በቆሎና ጤፍ፣ መስኖና ብድር ለወንድ፣ ዶሮና ጎመን ለሴት ብሎ የከፈለው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ሕጉም ደብተሩም መልስ የላቸውም። የከፈልነው እኛው ነን።

ሊደረግ የሚገባው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የመሬት አስተዳደሩ መዝገብ የሁለቱንም ስም ይዞ ሳለ የግብርናው የሥልጠና መዝገብ አንዱን ብቻ የሚጠራበት ምክንያት ስለሌለ፣ ስም ጥሪው ከዚያው ይቀዳ። ስለ ጎተራ፣ ስለ ዘርና ስለ ወተት ሥልጠና ሲሰጥ የሚመለከታት ሴት ካልተገኘች ሥልጠናው እንደ ተሰጠ አይቆጠር። የእኩል እርሻ ውልም የሚታረስበትንና የሚዘራበትን ጊዜ፣ የግብዓቱን ዕዳና የገለባውን ድርሻ ጨምሮ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ከእኩል አራሹ ጋር ባለመሬቷን አብሮ ያማክር። ሴት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችንም ከቀበሌ ወደ ቀበሌ በእግር እያንከራተቱ «ሴት ሠራተኛ አትበረክትም» ማለት የትም አያደርስም፤ መኖሪያ ቤትና መጓጓዣ ይሰጣቸው።

የከረጢቱን ሥልጠና በሚቀጥለው ዓመት ደገምኩት። ሚስቶቹ በስማቸው ተጠሩ፤ የመጡት ግን ከግማሽ በታች ነበሩ። በቆሎአቸው ወደ ነቀዘባቸው እናት ቤት ሄጄ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «በቅዳሜ ጠርተኸን እንዴት እንምጣ?» አሉኝ። «ቅዳሜ ገበያ ነው። ሰኞ አድርገው፤ እሱንም እንጀራ ከተጋገረ በኋላ»።