«ፍሬን በጠሰ» የሚለው አባባል የሚሸፍነው፦ የፒክአፕ ደኅንነት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ቁልቁለቶች

በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ጭነት የያዘ ፒክአፕ ገደል በገባ ቁጥር ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቃላት ይዘጋል፦ «ፍሬን በጠሰ»። አባባሉ የደረሰውን እንጂ ያደረሰውን አይገልጽም። የተቀደደ ቱቦ፣ የፈላ የፍሬን ዘይትና ያለ አግባብ የተጨመረ ባሌስትራ የተለያዩ መንስኤዎች ናቸው። በአንድ ስም ሲጠሩ ግን አንዳቸውም ሳይመረመሩ ይቀራሉ።

የመልክዓ ምድሩ ጫና ቀላል አይደለም። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ይዘቀዝቃል፤ ከለሚ ተነሥቶ ወደ መርሐቤቴ የሚወስደውም በጀማ ሸለቆ ቁልቁል ያልፋል። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ 29 ሜጋጁል ያህል ኃይል ይለቀቃል። ይህም 90 ሊትር ገደማ ውሃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ የሚበቃ ነው። ሞተሩና የአየር ግፊያው ከሚወስዱት የተረፈውን የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ አሽከርካሪ የሞተሩንም ድርሻ በፍሬኑ ላይ ይጭነዋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መፍያ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ፣ ቱቦው ደኅና ሆኖ ሳለ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰጥማል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳልና ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

የቱቦው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ዘመናዊ ፒክአፕ ሁለት የተነጣጠሉ የፍሬን መስመሮች ስላሉት፣ አንዱ ቢቀደድ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ መጥፋት የለበትም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ1999 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ላይ ያደረገውን የፍሬን ቱቦ ዝገት ምርመራ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሲዘጋ፣ ባለንብረቶች የመኪናቸውን ሥር እንዲያጥቡና ቱቦውን እንዲያስፈትሹ መክሯል። በዚያ ዋናው ጠንቅ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነበር። በመንዝ ኮረኮንች ላይ ደግሞ የሚፈናጠር ድንጋይና በብየዳ የተጠገነ ቱቦ የበለጠ ያሰጋሉ።

ሦስተኛው መንስኤ ከጭነት ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ ሃይሉክስ ሞዴሎች የኋላው ፍሬን ግፊት የሚወሰነው የመኪናው ጀርባ በጭነት ምን ያህል እንደ ዘቀጠ በሚለካ ቫልቭ ነው። ብዙ ጆንያ ገብስ ለመጫን ባሌስትራ ሲጨመር ጀርባው ስለማይዘቅጥ፣ ቫልቩ መኪናውን ባዶ እንደ ሆነ ይቆጥረዋል። የኋላው ፍሬን ይዳከማል፤ የፊተኛው ከአቅሙ በላይ ይግላል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በቫኪዩም የሚሠራው የፍሬን አጋዥም የሚሰጠው እገዛ ያንሳል።

ዐዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያዛል። ሆኖም በደልዳላ ቦታ፣ ባልተጫነና ፍሬኑ ባልጋለ መኪና ላይ የሚደረግ ፍተሻ ከላይ ከተዘረዘሩት አደጋዎች ብዙዎቹን አያሳይም። ቦሎ መለጠፉ መኪናው ጀማን በሰላም ለመውረዱ ዋስትና አይሆንም።

የመለዋወጫ ዋጋ ውድ መሆኑና ባለ ፒክአፑ ካልጫነ የማይተርፈው መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የፍሬን ዘይትን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መቀየር ብዙ አምራቾች የሚመክሩት ሲሆን፣ ወጪው ከአንድ ሞተር እድሳት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የዘይት እርጥበት መለኪያም በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስለዚህ በደጋማ ወረዳዎች የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የዘይቱን እርጥበት፣ የተበየዱ ቱቦዎችንና የተጨመረ ባሌስትራን ለይቶ መመዝገብ አለበት።

የአደጋ መዝገብም የተበላሸውን ክፍል በስሙ ሊጠራ ይገባል። ዛሬ «ፍሬን በጠሰ» ሲባል ወይ ጥፋተኛ አይገኝም፣ ወይ አሽከርካሪው ብቻውን ይጠየቃል። ባሌስትራ ያስጨመረው ባለንብረት፣ ቱቦውን የበየደው ጋራዥና መኪናውን ያሳለፈው መርማሪ ግን አይነሡም። በጆንያው ላይ ተቀምጦ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም የማወቅ ዕድል የለውም።