የስኳር ድንች ሐረግ ከመታደሉ በፊት ይመርመር

ድርቅ ወይም የምግብ እጥረት ባጋጠመ ቁጥር ለደቡቡ የአገራችን ክፍል አርሶ አደሮች ከሚታደሉት ነገሮች አንዱ የስኳር ድንች ሐረግ ነው። የሚታደልበትም ምክንያት በቂ ነው፤ በጥቂት ወራት ለምግብ ይደርሳል፣ በጠባብ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት ቤተሰብን ያሻግራል። በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ ለሚኖርበት ለጌዴኦ ዞን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በእደላው ላይ ቅሬታ የለውም። ቅሬታው ሐረጉ በውስጡ ምን እንደ ተሸከመ ሳይታወቅ ከወረዳ ወረዳ በሚጓዝበት አሠራር ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ስኳር ድንች የሚተከለው በፍሬ ሳይሆን ከእናት ተክሉ በሚቆረጥ ሐረግ ነው። ብዙዎቹ የዕፅዋት ቫይረሶች በፍሬ በኩል ወደ ቀጣዩ ትውልድ አያልፉም፤ ሐረግ ግን የእናቲቱ አካል በመሆኑ በእርሷ ውስጥ የነበረው ቫይረስ ሁሉ አብሮ ይተከላል። በምሥራቅ አፍሪካ ስኳር ድንችን ከሚያጠቁት ቫይረሶች ሁለቱን እዚህ እናንሣ። አንደኛው በክሽክሽ የሚተላለፍ፣ አልፎ አልፎ በቅጠል ላይ ላባ የሚመስል ዝንጉርጉር ምልክት የሚያሳይ ነው፤ ላባማው እንበለው። ሁለተኛው በነጭ ዝንብ የሚተላለፍ ሲሆን ተክሉን በመጠኑ ያቀጭጫል፣ ቅጠሉንም ያደበዝዛል፤ አቀጫጩ እንበለው። ላባማው ብቻውን በሚገኝበት ተክል ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም፤ ምርቱም እምብዛም አይጎዳም። አቀጫጩም ብቻውን የሚያደርሰው ጉዳት መካከለኛ ነው። ሁለቱ በአንድ ተክል ውስጥ ሲገናኙ ግን ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ይጠብባል፣ ተክሉ ድንክ ሆኖ ይቀራል፣ ከሥሩም የሚቆፈር ነገር ይጠፋል። አርሶ አደሩ ማሳውን ከነአካቴው የሚያጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2000 በኡጋንዳ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሲሆን አንድ አስገራሚ ነገር ታየ። በጥምር ልክፍት ጊዜ እጅግ የሚበዛው ብርቱው አቀጫጭ ሳይሆን ለዘብተኛው ላባማ ነበር፤ የአር ኤን ኤ መጠኑ እስከ 600 እጥፍ አደገ። አቀጫጩ ግን አልጨመረም። ነገሩ አንዱ ሌባ በር ከፍቶ ሌላው ቤቱን እንደ መዘበረ ያለ ነው።

በሩ የትኛው እንደ ሆነ ለመረዳት የተክሉን መከላከያ ማየት ያስፈልጋል። ዕፅዋት እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት ደም የላቸውም። ያላቸው መሣሪያ አር ኤን ኤን ዝም ማሰኘት የሚባለው ነው። የቫይረሱ አር ኤን ኤ በሚባዛበት ጊዜ ድርብ ክር ይሠራል፤ የተክሉ ኢንዛይም ይህን ድርብ ክር ከ21 እስከ 24 ፊደል ርዝመት ወዳላቸው ትንንሽ ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። ቁርጥራጮቹም እንደ መፈለጊያ ፎቶግራፍ ያገለግላሉ፤ ሌላ ፕሮቲን እነርሱን ይዞ ተመሳሳዩን አር ኤን ኤ እያደነ ይቆርጣል። ላባማው በጤነኛ ተክል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚኖረው ይህ አደን ስለሚያስጨንቀው ነው። አቀጫጩ ደግሞ የራሱ መቁረጫ ኢንዛይም አለው፤ እነዚያኑ ቁርጥራጮች ወደ 14 ፊደል ገደማ ያሳጥራቸዋል። ፎቶግራፉ ተቀደደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች የዚህን ኢንዛይም ጂን ብቻ ወደ ስኳር ድንች አስገቡ፤ አቀጫጩ ራሱ በሌለበት ተክሉ ለላባማው ተንበረከከ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በዘርፉ የሚሠሩትን ሁሉ ሊያሳስብ ይገባል፤ በአንድ ቫይረስ ብቻ ተፈትኖ «ተቋቋሚ» የተባለ ዝርያ በማሳ ላይ ተቋቋሚ ላይሆን ይችላል። በኬንያ ላባማውን ብቻ ያነጣጠረ፣ በጂን ምሕንድስና የተዘጋጀ ስኳር ድንች ለዓመታት ሲደከምበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሰማው የመስክ ውጤት ከተራው ዝርያ የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ማሳ ቤተ ሙከራ አይደለም፤ ጠላት ተራ ይዞ አይመጣም። በቆሎም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በ2014 ደግሞ በአገራችን የታየው የበቆሎ ገዳይ በሽታ የሁለት ቫይረሶች ጥምረት የወለደው ነው።

ወደ ጌዴኦ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድር ዛፍን፣ ቡናንና እንሰትን በአንድ ጓሮ ደራርቦ የሚያኖር ነው። በዚህ ጓሮ ውስጥ እንሰትም የሚራባው በችግኝ እንጂ በፍሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአገራችን እንሰት ቅጠሉን የሚሸነትር አዲስ ቫይረስ መገለጹን ለሚያስታውስ ሰው፣ የሐረጉ ጥያቄ የስኳር ድንች ጥያቄ ብቻ አይደለም።

«አርሶ አደሩ እኮ ጤነኛውን ሐረግ መርጦ ነው የሚተክለው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ምርጫውም ብዙ ጥቅም አለው፤ የተጨማደደውን ሐረግ ማንም አይተክልም። ነገር ግን ላባማው ምልክት ስለሌለው በዓይን ምርጫ አይያዝም። የታደለው ሐረግ ላባማውን ደብቆ ይደርሳል፤ በሠፈሩ ያለው ነጭ ዝንብ አቀጫጩን ያመጣለታል፤ የቀረውን እናውቀዋለን። ሌሎች ደግሞ ምርመራ ውድ ነው ይላሉ። የጂን ንባብ በእርግጥ ውድ ነው፤ ሆኖም ጥንታዊው መንገድ አልተዘጋም።

አይፖሚያ ሴቶሳ የምትባል የስኳር ድንች ዘመድ አለች፤ ከፍሬ የምትበቅል፣ ለእነዚህ ቫይረሶች እጅግ ስስ የሆነች ሐረግ ናት። የሚጠረጠረው የስኳር ድንች ቁራጭ በእርሷ ላይ ከተዳቀለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅጠሏ ይዝጎረጎራል ወይም ይቢጫል። የሚያስፈልገው ምላጭ፣ ማሰሪያ፣ ማሰሮና ነፍሳት የማያስገባ መረብ ቤት ነው። ምርመራው የትኛው ቫይረስ እንደ ሆነ ለይቶ አይናገርም፤ ለእናት ተክል ግን «ይህ ይባዛ፣ ይህ ይቃጠል» ለማለት ይበቃል። ይህን የዲላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ተማሪ በመመረቂያ ሥራው ሊሠራው ይችላል፤ መምህሩ ካገዘው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ያዳቅላል። በአንድ ወቅት ከዲላ ገበያ፣ ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ ጓሮዎች ሠላሳ ሠላሳ ሐረግ ቢሰበሰብ፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ቢዳቀል፣ ከጎናቸውም ያልተዳቀሉ ጥቂት ሴቶሳዎች ለማነጻጸሪያ ቢቀመጡ፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ቁጥር ይገኛል። ንጹሕ ሆነው የተገኙት እናት ተክሎችም መረብ ቤቱ ውስጥ ይቆያሉ፤ የሚቀጥለው እደላ ሐረግ የሚቆረጠው ከእነርሱ ይሆናል።