የልጅ ወንፈል

የዛሬው ንባባችን ስለ ሕፃናት ትምህርት ነው። እንደ ልማዳችን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ሌሎቻችን በጣታችን እንከተል።

እኛ ዓባይ ማዶ ማታ ማታ ስናስተምር አንዲት እናት ይመጣሉ። የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸውንም ይዘው ነው የሚመጡት። ቤት የሚጠብቅላቸው ሰው የለማ! ልጅቱ እግራቸው ሥር ቁጭ ትልና በከሰል መሬቱን ትጭራለች። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ለ» ጽፈን «ይቺ ማን ናት?» ብለን ጠየቅን። እናቲቱ ሲያስቡ ልጅቱ ቀድማ «ለ!» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እናቷ ግን አልሳቁም።

«ትልቁ ልጄ ይህን ሳያይ ነው ትምህርት ቤት የገባው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ገባ። ከዚያ በፊት ከእናቱ ተለይቶ አልዋለም። እርሳስ ይዞ አያውቅም። ስሙ ሲጠራ ይደነግጣል። ለሽንት ልውጣ ማለት ያፍራል። አንድ ቀን ልብሱ ላይ አመለጠው። ልጆች ሳቁበት። ጥር ሳይገባ ትምህርቱን ተወ። «ሰነፍ መስሎኝ ገረፍኩት። ለካ ሳላዘጋጀው ነው የላክሁት» አሉን።

የእርሳቸው ልጅ ብቻ አይደለም። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ብዙ ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው አንደኛ ክፍል ላይ ነበር። ጀማው በርቶ ሳይጨርስ እንደሚጠፋ ማለት ነው።

ታዲያ ሕፃን ምን ይዘጋጅ? ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የሚማረው አለ። ከሌሎች ልጆች ጋር መዋልን ይማራል። ተራ መጠበቅን ይማራል። የሰማውን መልሶ መናገርን ይማራል። እጁን ታጥቦ መብላትን፣ ሲቸግረው መጠየቅን ይማራል። ጣቱም ከሰልና እርሳስ መያዝን ይለምዳል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ገና በሕፃንነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ሄደው ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ቆጥረዋል። የእስላም ልጆችም ቁርአን ቤት በሉህ ተምረዋል። በ1970ዎቹም በገበሬ ማኅበራትና በቀበሌዎች የሚተዳደሩ የሕፃናት መዋያዎች ነበሩ። ጎረቤታችን ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ነጻ ስትወጣ የመንደር ሰዎች «ሐራምቤ» ብለው በራሳቸው ገንዘብና ጉልበት የሕፃናት ትምህርት ቤት ሠርተዋል። «ሐራምቤ» ማለት አብረን እንሳብ ማለት ነው።

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን ለሕፃናት ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ዜሮ ክፍል» ተከፈተ። ዜሮ ክፍል ማለት ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለ መዘጋጃ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለውን ትምህርት ቤት ጠይቁ። ዜሮ ክፍል ካለ ልጁን አስመዝግቡ። ለሕፃን እግር ሩቅ ከሆነ ወይም ቦታ ከሞላ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የግል መዋዕለ ሕፃናት ክፍያው ይከብደናል። ግን ወንፈል አለን።

እርሻ ሲደርስ ዛሬ የእከሌን፣ ነገ የእኔን እንላለን። ልጅንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። 20 ቤተሰብ ይስማማ እንበል። ወንዶቹ አንድ ቀን ወጥተው ዳስ ይጥላሉ። ማንበብ የምትችል፣ ልጅ የምትወድ አንዲት ልጅ እግር ትመረጣለች። እርሷ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ታስተምራለች። ለድካሟም እያንዳንዱ ቤት በየሳምንቱ አንድ ጣሳ እህል ቢያወጣ 20 ጣሳ ይሆናል። ከእናቶች ደግሞ አንድ አንድ እየሆኑ በተራ ያግዟታል። የአንድ እናት ተራ በ20 የሥራ ቀን አንዴ ብቻ ነው የሚደርሰው። በቀሩት ቀኖች ሥራዋን ትሠራለች፤ ልቧም አይሰቀልም።

መማሪያው ከደጃችን አይጠፋም። ጠጠር ለቁጥር ነው። ቅልብልቦሽ የተጫወተ ልጅ አምስትን ያውቃል። ጭቃ ለጣት ማፍታቻ ነው። በሬም ይሠራበታል፤ «በ»ም ይሠራበታል። እንቆቅልሽና ተረት ለማዳመጥና ለመናገር ነው። ሽማግሌዎችም አንዳንድ ቀን ቢመጡ ይህን ከማን ያንሳሉ?

ሦስት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ዳሱ ከመንገድ ይራቅ። ከዓባይና ከጣና ዳርቻም ይራቅ። ሕፃን ከውኃ ጋር አይታመንም። ሁለተኛ፣ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ይኑር። ሦስተኛ፣ ዱላ አይግባ። የተገረፈ ሕፃን ፊደልን ይፈራል።

ትልቁስ ልጅ ምን ሆነ? አሁን አሥር ዓመቱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ እናቱን ተከትሎ መጣ። በር ላይ ቆሞ ቀረ። እህቱ እጁን ጎትታ አስገባችውና ከሰሏን ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠችው። እኛም ምንም አላልንም። እናንተ በዚህ ዕድሜያችሁ ፊደል ከቆጠራችሁ፣ አሥር ዓመት መች ረፈደና?

ተወያዩበት፦
1. በጎጣችን ከሰባት ዓመት በታች ስንት ልጆች አሉ? ቆጥራችሁ ጻፉ።
2. ለዳሱ የሚሆን ደህና ቦታ የት ነው?
3. በመጀመሪያው ሳምንት ተራው የማን ይሁን?

በሚመጣው ሳምንት እንገናኝ።